ለከተማ የምትሆን ርካሽ ሁለተኛ መኪና፦ የትኛዋ፣ ምን አይቶ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ መኪና አለን፤ ለሩቅ መንገድ እሷ ትበቃናለች። ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስና ለሥራ በቀን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ያገለገለች ትንሽ መኪና ልንገዛ ነው። አንዱ ናፍታ ግዙ ይለናል፣ ሌላው ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ)፤ ኪሎ ሜትሯ ትንሽ የሆነችውን ምረጡ የሚልም አለ። የቱን እንስማ?»

ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌላት፣ ከ1.0 እስከ 1.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር ያላት፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ወይም ተራ ኦቶማቲክ የሆነች ትንሽ መኪና ይፈልጉ። ከያዙት ገንዘብ አንድ አምስተኛውን በመግዣው ላይ አይጨምሩት፤ ከግዢው በኋላ ባሉት ሳምንታት የግድ ለሚሠሩ ነገሮች ይቀመጥ። ቤትዎ ቻርጅ ማድረግ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ባትሪዋ ደህና የሆነች ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ ሥራ ከሁሉም ትቀድማለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ። ከተሰጣችሁ ምክር ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን የኪሎ ሜትሩ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

ሞተር የሚያረጀው በሄደው ርቀት ብቻ ሳይሆን በሠራው ሰዓትም ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሆነ የከተማ ትራፊክ ውስጥ 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ሞተሯ 3,000 ሰዓት ሠርቷል። በረጅም መንገድ በአማካይ በሰዓት 75 እየሄደች 150,000 የሞላችው ግን 2,000 ሰዓት ብቻ ነው የሠራችው። በዚያ ላይ የከተማዋ መኪና በየቀኑ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዛ ተነሥታለች፣ ፍሪሲዮኗና ፍሬኗ ያለ ዕረፍት ሠርተዋል። ቆጣሪን ወደኋላ መመለስም ከባድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ በቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ የአገልግሎት ደብተሩን ይጠይቁ፤ ዘይት መቼና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ የሚያሳዩ ደረሰኞች ያሏት 140,000 የሄደች መኪና፣ ምንም ወረቀት ከሌላት 70,000 ከምትል መኪና ትሻላለች። ቆጣሪው እውነት መናገሩን ለማየት የፔዳል ላስቲኮችን፣ የመሪውን ጎማ ልባስና የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ይመልከቱ። 50,000 ብላ ፔዳሏ እስከ ብረቱ የተበላ መኪና ቁጥሯ አይታመንም።

አጭር ጉዞ ለሞተር ቀላል ሥራ ይመስላል፤ እውነታው ተቃራኒው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩና ማርሚታው በደንብ ሲሞቁ እንፋሎቱ በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል። አምስት ኪሎ ሜትር ሄደው ካጠፉት ግን ከፊሉ ማርሚታው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀርና ከውስጥ ያዝገዋል። ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው ደግሞ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ አብዝቶ ስለሚረጭም ያልተቃጠለ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የራዲያተሩ ውሃ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሚገዟት መኪና ይህን ኑሮ የምትችል መሆን አለባት።

ናፍታ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ዘመናዊ የናፍታ መኪና ጭሱ ውስጥ ያለውን ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላት፤ ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሲደርስ ጥላሸቱን በማቃጠል ነው። ለዚህ ሳያቋርጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጥሩ ፍጥነት መንዳት ያስፈልጋል። በእናንተ አጠቃቀም ይህ አይገኝም፤ መኪናዋ ማጽዳት ትጀምራለች፣ እናንተ ታጠፏታላችሁ፣ ለማጽዳት የተረጨው ተጨማሪ ናፍታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ማጣሪያው ይደፈናል። ከነዳጅ የቆጠባችሁት በአንድ ማጣሪያ ያልቃል። ትናንሽ ባለ ቱርቦ ቤንዚን ሞተሮችም፣ በተለይ ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት፣ ለዚህ ሥራ አይመቹም፦ ቤንዚኑ የአየር መግቢያ ቫልቮችን ስለማያጥብ ካርቦን ይከማችባቸዋል፣ ቱርቦውም ንጹሕ ዘይት ካላገኘ አይቆይም።

ከሞተሩ ይበልጥ በጀታችሁን ሊጎዳ የሚችለው ካምቢዮው ነው። የትንሽ መኪና ሞተር ቢበላሽ ብዙ ጊዜ በመጠነኛ ወጪ ይታደሳል ወይም ይለወጣል፤ የተበላሸ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ግን የመኪናዋን ዋጋ ግማሽ ሊጠይቅ ይችላል። በትናንሽ መኪኖች ላይ «ኦቶማቲክ» የሚባሉት አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይወቁ። ባለ 4 ማርሹ የድሮው ተራ ኦቶማቲክ ነዳጅ ትንሽ ይበላል እንጂ ትራፊክ ውስጥ መንፏቀቅን የሚችል ጠንካራ ሥራ ነው፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ሲቪቲ ደግሞ በብረት ቀበቶና በሁለት ፑሊዎች የሚሠራ፣ ለስላሳና ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ዕድሜው ግን ሙሉ በሙሉ በዘይቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀበቶው ፑሊውን የሚይዘው በሰበቃ ስለሆነ የተሳሳተ ዘይት፣ ማለትም ተራ የኦቶማቲክ ዘይት፣ ከተጨመረበት ይንሸራተትና ብረት ለብረት ይፋጫል። በየ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር በአምራቹ የተፈቀደው ዘይት እንደተቀየረለት ማስረጃ የሌለው ሲቪቲ አይግዙ። ሦስተኛው፣ ማንዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በሾፌሩ እግር ፈንታ አንድ መሣሪያ የሚረግጥለት ዓይነት ነው፤ ርካሽ በሆኑ የከተማ መኪኖች ላይ ይገኛል። አራተኛው ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ነው። ሁለቱም በዳገትና በመንፏቀቅ ጊዜ ፍሪሲዮናቸውን ስለሚያቃጥሉ ለከተማ የተሠሩ ቢመስሉም ከተማ ነው የሚጨርሳቸው። መንጃ ፈቃዳችሁና ጉልበታችሁ ከፈቀደ ማንዋል ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ቢበዛ የሚወጣው የፍሪሲዮን ሸራ፣ ዲስክና ኩሽኔታ ነው።

ሞዴል ልጥቀስ። የመጀመሪያው ቶዮታ ቪትዝ፣ ከ1999 እስከ 2005 የተመረተው፣ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ወይም ማንዋል ነው። ከ2005 በኋላ ለጃፓን ገበያ የወጡት ብዙዎቹ ሲቪቲ ስለሆኑ ስሙ አንድ ነው ብለው አይዘናጉ፤ የካምቢዮውን ዓይነት ይጠይቁ። የእነዚህ የኋለኞቹ የ1.0 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው፤ ጉድለት አይደለም። ሱዙኪ ስዊፍት 1.3 ቀላልና ለመሥራት የማያስቸግር ሞተር አላት። የመጀመሪያዋ ሆንዳ ፊት 1.3 ሰፊ ናት፣ የኋላ ወንበሯም እንደፈለጉት ይታጠፋል፤ ይሁንና ሲቪቲዋ ከቆመበት ሲነሣ ከተንቀጠቀጠ መነሻ ፍሪሲዮኑ ወይም ዘይቱ ችግር አለበት። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት፣ በድምሩ 8 ካንዴላ እንዳላትም ይወቁ፤ ከኋላ ያሉት አራቱ ለእጅ ስለማይመቹ ብዙ ጊዜ ሳይቀየሩ ይታለፋሉ። ከ2002 እስከ 2010 የተሠራችው ኒሳን ማርች የታይሚንግ ካቴናዋ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስተባብረው ሰንሰለት) ዘይት በተረሳበት ሞተር ላይ ይለጠጣል፤ ጠዋት ስትነሣ ከሞተሩ ጎን የካቴና ጩኸት ያዳምጡ። የመጀመሪያዋ ሂዩንዳይ አይ10 በ1.1 ሞተር ታይሚንጓ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ሲሆን በ1.2 ካቴና ነው፤ የመጀመሪያዋ ኪያ ፒካንቶም ቺንጋ አላት። ቺንጋ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። ነገር ግን በግምት በየ90,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየአምስት ስድስት ዓመቱ ከመወጠሪያውና ከውሃ ፓምፑ ጋር ካልተቀየረ ይበጠስና ፒስተኑ ቫልቮቹን ያጣምማል። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ «አልተቀየረም» ብለው ዋጋውን ከመግዣው ላይ ያስቀንሱ።

የትኛዋንም ከመምረጥዎ በፊት ግን አንድ ሥራ ይሥሩ፦ የራዲያተር፣ የፊት መብራት፣ የፊት ሾክ አብዞርበር፣ የፍሬን ሸራና ያገለገለ ካምቢዮ ዋጋ ከሁለት ሦስት መለዋወጫ ሻጮች ይጠይቁ። ከአምስቱ ሁለቱ «በትእዛዝ ነው» ከተባሉ መኪናዋ የቱንም ያህል ብትረክስ ለዕለት ሥራ አትሆንም።

ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ እውነትም ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጥያቄው የባትሪው ዕድሜ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎች አሉት፣ የመጀመሪያዋ ቶዮታ አኳ 20። ከመካከላቸው አንዱ ሲደክም ሌሎቹን ይጎትታል። በኮምፒውተር ሲያስመረምሩ የብሎኮቹን (በቡድን የተያያዙት ሞጁሎች) ቮልቴጅ ነዳጅ እየረገጡ ያስነብቡ፤ አንዱ ብሎክ ከጓደኞቹ በጉልህ ወርዶ ከታየ፣ ወይም «ፒ0ኤ80» የሚል ኮድ ከተገኘ፣ የባትሪውን ዋጋ ጨምረው ይደራደሩ ወይም ይተዉት። ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር መግቢያ በአቧራና በፀጉር ተደፍኖ ካገኙት ባትሪው ለዓመታት በሙቀት ተሠቃይቷል ማለት ነው። ያረጀ ሃይብሪድ ያለ ምርመራ መግዛት ከተራ ቤንዚን መኪና ይበልጥ አደገኛ ነው።

ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ርቀቱን ነው፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ግን ፍርሃቱ ቦታ የለውም። በ2010 የወጣችው ኒሳን ሊፍ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ነበራት። የባትሪው ጤና በዳሽቦርዱ ላይ በ12 ትናንሽ መስመሮች ይታያል፤ የመጀመሪያው የሚጠፋው 15 በመቶ ያህል አቅም ሲቀንስ ነው። ባትሪዋ የፈሳሽ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ሙቅ ቦታ የኖረች ቶሎ ትደክማለች። እንዲያም ሆኖ 8 መስመር የቀራት መኪና ከተማ ውስጥ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች። ለ20 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ኃይል 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ 2 ኪሎ ዋት ከሚሰጥ የግድግዳ ሶኬት በሁለት ሰዓት ውስጥ ይተካል። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚባል ነገር የለባትም፤ አጭር ጉዞም አይጎዳትም። ሁኔታው አንድ ነው፦ መኪናዋ በምታድርበት ቦታ የራስዎ የሆነ፣ ገመዱ ሳይሞቅ የሚችል፣ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው የኤሌክትሪክ መስመር መኖር አለበት። በማራዘሚያ ገመድ በየሌሊቱ ቻርጅ ማድረግ እሳት መጥራት ነው።

 

ልጆች የሚጫኑባት ከሆነ ለደኅንነት የሚሆን ገንዘብ ከሌላ ቦታ ይቀንሱ። የልጅ ወንበር ማሰሪያ፣ ማለትም አይሶፊክስ፣ መኖሩን በኋላ ወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ እጅ አስገብተው ይንኩ። መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚያደርገው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በአውሮፓ ኅብረት በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ርካሽ ትናንሽ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ የለም። ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ሆን ብለው አንሥተውት ሊሆን ይችላል። ከ2000 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት በተሠሩ ብዙ የጃፓን ትናንሽ መኪኖች ላይ የተገጠመው የታካታ ኤርባግ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ማፈንጃው እየተበላሸ ሲፈነዳ የብረት ቁርጥራጭ ስለሚረጭ መኪኖቹ ተመልሰው ኤርባጉ እንዲቀየር በዓለም ትልቁ የመኪና ጥሪ ተደርጎበታል። የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብተው ተቀይሮ እንደሆነ ያረጋግጡ። ይህን አይዝለሉ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሣ ቀድመው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ ብዙ ሕመም የሚታየው በቀዝቃዛው ነው። ራዲያተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ፦ ፈሳሹ ንጹሕ ቀለም ያለው መሆን አለበት። ዝገት የመሰለ ውሃ ካዩ ለዓመታት ተራ ውሃ ሲጨመርባት ኖሯል፤ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ቢኖር አይደንግጡ፤ አጭር ጉዞ የሚያመጣው እርጥበትም ያደርገዋል። አረፋው በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየና ፈሳሹም ከጎደለ ግን ነገሩ ከባድ ነው።

ከዚያ ያስነሡ፤ ሌላ ሰው ከኋላ ጭሱን ይይ። ሲነሣ ብቻ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ በቀላሉ ይታለፋል። እየነዱ ነዳጅ ሲረግጡ የሚጨምር ሰማያዊ ጭስ የፒስተን ፋሻ ነው፤ አይገዛም። ነጭ ጭስ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ሞተሩ የራዲያተር ፈሳሽ እያቃጠለ ነው። በተነሣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ያው ነው። ኤሲውን ከፍተው 20 ደቂቃ ቆማ ትሥራ፦ ማራገቢያው ሲጠፋና ሲበራ መስማት፣ የሙቀት መርፌውም ከመካከል ንቅንቅ እንደማይል ማየት አለብዎት። የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከሞቀ ይጣመማል፤ ትራፊክ ውስጥ የምትቆም መኪና ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት ጤነኛ ማቀዝቀዣ ነው።

ሲነዷት ማንዋል ከሆነች የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ፣ በ3ኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሸራው አልቋል። ኦቶማቲክ ከሆነች ፍሬን ረግጠው ከኤን ወደ ዲ፣ ከዚያም ወደ አር ይለውጡ፤ በአንድ ሰኮንድ ገደማ ውስጥ ሳትመታ መያዝ አለባት። ሲቪቲን በዳገት ላይ የኋላ ማርሽ አስገብተው ይፈትኑት፤ ደካማው እዚያ ይንቀጠቀጣል። መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው ዝግ ብለው ሲዞሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ የፊት አክስሉ መገጣጠሚያ አልቋል። ወጣ ገባ መንገድ ላይ ዱብ ዱብ ካለች ጎሚኒዎቹ (የእግሮቹ መገጣጠሚያ ጎማዎች) እና ሾክ አብዞርበሩ ይታዩ፤ እነዚህ ለመደራደሪያ የሚሆኑ እንጂ ግዢ የሚያስቀሩ አይደሉም።

ላሜራው ላይ ጊዜ ይስጡ። የፋብሪካ ቀለም ውፍረት በአብዛኛው ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያው ከ300 በላይ ካነበበ ሥሩ ስቱኮ አለ። በር ላይ ያለ ስቱኮ ይታለፋል፤ በጣሪያ ምሰሶና በሻንሲ ላይ ያለ ብየዳ አይታለፍም። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተው ይመልከቱ፦ ጭቃ ወይም የውሃ መስመር ካለ ጎርፍ ውስጥ ገብታ ነበር። ቀበቶው ላይ የተሰፋው መለያ የተመረተበት ቀን አለው፤ ከመኪናዋ ዓመት በኋላ ከሆነ በግጭት ተቀይሯል። ጎማው ላይ ካለው ዶት (DOT) የሚል ጽሑፍ ቀጥሎ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 በ2019 23ኛው ሳምንት ነው።

ከወደዷት በኋላ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ መካኒክ ሁለት ነገር ይሥራልዎት። አንደኛ የኦቢዲ ኮምፒውተር (የመኪናዋን የስህተት ኮዶች የሚያነብ) ይሰካ፤ ኮድ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የራስ ምርመራዎቹ ተጠናቀው እንደሆነ ያንብብ። «አልተጠናቀቀም» የሚለው ከበዛ ኮዱን በቅርቡ አጥፍተውታል። «ፒ0420» የካታሊቲክ ኮንቨርተር ድካም፣ «ፒ0300» የማቃጠል መዝለል ነው። ሁለተኛ ሁሉም ካንዴላ ወጥቶ፣ ነዳጁ ተዘግቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካ። በአብዛኞቹ ከ12 እስከ 14 ባር ይጠበቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ባር አይለፍ።

ያስቀመጡት አንድ አምስተኛ ገንዘብ የሚወጣው አሁን ነው። ሻጩ ምንም ቢል የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀይሩ፤ የዚህ መጠን ሞተር ከ3 እስከ 3.7 ሊትር ይይዛል። የካምቢዮ ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽና የአየር ፊልትሮ ይከተሉ። የፍሬን ፈሳሽ በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ያለበት እርጥበት ስለሚስብና ቁልቁለት ላይ ስለሚፈላ ነው፤ አንድ ሊትር ዶት 4 ይበቃል። ባትሪው አድሮ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላነበበ ባትሪውን ወይም ዲናሞውን ያሳዩ። ከዚያ በኋላ ዘይቱን በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው፣ ይቀይሩ፤ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና ቀድሞ የሚደርሰው ወሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሳያቋርጡ ለ30 ደቂቃ ያህል ይንዷት፤ በዘይቱ ውስጥ የገባው ውሃና ቤንዚን የሚተንነው ያኔ ነው።

ትንሿ መኪና ከመጣች በኋላ ትልቋ ለቀናት ትቆማለችና እሷንም አይርሷት። ለአምስት ደቂቃ ቆማ ማስነሣት ባትሪውን አይሞላም፣ ዘይቱንም ያበላሻል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ይንዷት፣ የጎማ ነፋስ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ያድርጉ፣ ከወር በላይ የምትቆም ከሆነም የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ይፍቱ።